ሠንጠረዥ ሦስትና የመድኃኔዓለም ጽዋ

የታሪክ መምህር መሆኔን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የትኛውን ንጉሥ ነው የምታጠናው?" ብሎ ነው። ንጉሥ የለኝም። የኔ ሙያ የዘመናችን ታሪክ ነው፤ ባለቤቶቹ ገና ያልሞቱለት ታሪክ ማለት ነው። የጥንቱን የሚያጠኑ ጓደኞቼ ድንጋይ ይለካሉ፣ ብራና ይገልጣሉ። ድንጋዩም ብራናውም መልስ አይሰጥም፣ አይቆጣም። የኔ ምንጮች ግን ከዘራ ይዘው በር ላይ ይቆሙና "ማነው እንዲህ ብሏል ያለህ?" ይላሉ። አባቴማ ሥራዬ እስከ ዛሬ አልገባውም። "እኔ የማስታውሰውን ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የምትማረው ለምንድነው? ለምን እኔን አትጠይቀኝም?" ይለኛል። አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። ስለ ራሱ ጀመረ፣ ስለ ራሱ ጨረሰ።

ይህን የማስተማር ሥራ ያገኘሁት በዕውቀቴ ነው ብዬ ባወራ ደስ ይለኛል። ያገኘሁት ግን በጠላ ነው። በጠጣሁት እንዳይመስላችሁ፣ በጠመቅሁት ነው።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ላሊበላ በገባ ሰሞን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ቢፒአር እየተባለ ጠረጴዛ ከግድግዳ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ግድግዳ በሚዞርበት ዘመን ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት ቀጥሮኝ ሁለተኛ ዲግሪዬን ሠርቼ እንድመለስ ልኮኛል። ቦታዬ ይጠብቀኛል፣ ግን እስከ ሰኔ መጨረሻ ብቻ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሲሸኘኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "በሰኔ ጽሑፍህን ካልተከላከልክ ቦታውን የሚፈልጉ ሦስት ልጆች አሉ" አለኝ። ከሦስቱ አንዱ አብሮኝ ዶርም ያደረ ጓደኛዬ ነው። በየሳምንቱ እየደወለ "እንዴት ነው፣ ከበደህ እንዴ?" ይለኛል፤ ድምፁ ውስጥ ብዙ ተስፋ አለ።

የማጠናው በደርግ ጊዜ ከላስታ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለተደረገው ሰፈራ ነው። ላሊበላ ሰው የሚመጣው ስምንት መቶ ዓመት የኖረ ነገር ለማየት ነው፤ እኔ የመጣሁት የሃያ ምናምን ዓመቱን ልጠይቅ ነው። አስጎብኚዎቹ አዘኑልኝ። አንዱ "ቤተ ጊዮርጊስን አየህ?" ሲለኝ "ገና ነኝ፣ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ እየፈለግሁ ነው" አልኩት። ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ "ምስኪን" አለ።

ብዙ ደጅ ከጠናሁ በኋላ በአንድ መጋዘን ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር፣ የምፈልገውን አገኘሁ። ከአሸተን ማርያም ጀርባ ያለች የአንዲት ቀበሌ የስም ዝርዝር ነው። ርዕሱ "በገዛ ፈቃዳቸው ለሰፈራ የተመዘገቡ ገበሬዎች" ይላል። አርባ ሁለት ስም፣ ከየስሙ ትይዩ ዕድሜ፣ ከግርጌ ማኅተምና የሊቀመንበሩ ፊርማ። አቧራው ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥሰኝ ዋለ፤ ደስታዬ ግን ሌላ ነበር። ዝርዝሩን ወስጄ ሠንጠረዥ ሦስት የተባለውን ሠራሁ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ከዚያ ተነሥቼ "በላስታ ወጣቱ ገበሬ ለሰፈራው በነቂስ፣ በገዛ ፈቃዱ ተመዝግቧል" የሚል ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ። ጽፌ ሳበቃ ብድግ ብዬ ክፍሌን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። እንዲህ ያለ ነገር እስከዚያ ቀን ማንም አልጻፈማ።

አማካሪዬ ረቂቁን አንብበው ከዳር በቀይ እስክሪብቶ "ገና አልበሰለም" ብለው ጻፉበት። "ወረቀት ብቻውን አይበቃኝም። የፈረሙት ሰው በሕይወት ካሉ ሂድና አነጋግራቸው" አሉኝ።

በሕይወት አሉ። አያ አራጌ ይባላሉ። ቤታቸው ለመድረስ ከላሊበላ ተነሥቶ አሸተንን ወጥቶ፣ ወዲያ ደግሞ መውረድ ነው። እኔ ዳገት የማውቀው በካርታ ነበር። መጀመሪያ ቀን ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ሰላምታ እንኳ መስጠት አቃተኝ። አያ አራጌ ማስታወሻ ደብተሬን አዩና ጠየቁኝ።

"ከሴፍቲኔት ነህ ከግብር?"

"ከታሪክ ነኝ፣ አባቴ።"

"እሱ ምን ይሰጣል?"

"ምንም።"

"ምንስ ይወስዳል?"

"ምንም አይወስድም።"

"ኸረ ልጄ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ዳገት ምን አስወጣህ?"

ያን ቀን ስለ ንብ አወሩኝ። ካሴቴ በሁለት ገጹ ንብ ሆነ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ገብስ ሲያርሙ ደርሼ ሳርም ዋልኩ፤ አረሙንና ገብሱን መለየት አቅቶኝ በስተመጨረሻ ዳር ቁጭ እንድል ለመኑኝ። ሦስተኛ ጊዜ ለቅሶ ሄደው ባዶ ቤት ጠበቀኝ። ስለ ዝርዝሩ ባነሣሁ ቁጥር "ረስቼዋለሁ ልጄ" ይላሉ፤ የበሬያቸውን አያት ከነቀለሟ የሚያስታውሱ ሰው።

ላሊበላ ቤት ያከራዩኝ እትዬ ዘርፌ ናቸው። ለተሳላሚና ለቱሪስት መስቀልና ጥልፍ ይሸጣሉ፤ የላስታን ሰው በሙሉ ከነዘመዱ ያውቃሉ። ጫማዬን እያራገፍኩ ስማረርባቸው "አያ አራጌ ለወረቀት አይናገሩም፤ ለማኅበራቸው ነው የሚናገሩት" አሉኝ። "በሚያዝያ ሃያ ሰባት የመድኃኔዓለም ማኅበራቸው ነው። ሂድና አብረህ ተቀመጥ።"

ሄድኩ። ዳገቱ አዘግይቶኝ ስደርስ ጸሎቱ አብቅቶ ዳቦው ተቆርሷል። እንግዳ ነህ ብለው ከቄሱ ጎን አስቀመጡኝ። አያ አራጌም እዚያው አሉ፤ ሲያዩኝ ፈገግ አሉና ስለ ንብ ጠየቁኝ። መጨረሻ ላይ ሙሴ የሚሉት የማኅበሩ መሪ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጽዋ ይዞ ቆመ። ተረኛው ሚስቱ የወለደች አራስ ናትና ዘንድሮ ይለፈኝ ብሏል። "እንግዲህ ማን ይቀበል?" አለ ሙሴው። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ምስኪኖች፣ ሙሴውን ጽዋ ይዞ መቆም አድክሞታል፣ ሌሎቹን ትሕትና ይዟቸዋል ብዬ አሰብኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። እናቴም ማኅበር አላት። እኔ ግን ከማኅበር የማውቀው ዳቦውን ነው፤ ዳቦዬን ተቀብዬ ኳስ ወደማይበት ሮጬ እሄዳለሁ። ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ወር ማኅበር በቤቱ እንደሚደግስ የሚያውቀው ኳስ የማይወድ ሰው ነው።

ብድግ አልኩና በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ቄስ ፈንታው ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። የአክብሮቱ ብዛት እንባዬን አመጣው። ከዚያ ሁሉም ተነሥተው እየዘመሩ ሸኙኝ፤ በር ድረስ መስሎኝ ነበር፣ አሸተን ጫፍ ድረስ ነው የሸኙኝ። ከዚያ ብቻዬን ጽዋውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ጠብታ እንዳይፈስ በቂጤ እየተንሸራተትኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሽቅብ የሚወጡ ቱሪስቶች አገኙኝና ፎቶ አነሡኝ። አስጎብኚያቸው ያ "ምስኪን" ያለኝ ልጅ ነበር። ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አላውቅም፣ ሁሉም እጅ ነሱኝ።

እትዬ ዘርፌ ጽዋውን ሲያዩ የያዙትን ጥልፍ አስቀመጡ።

"ማን ሰጠህ?"

"ማኅበሩ። አከበሩኝ እኮ።"

"አንተ ልጅ፣ ጠላ ጠምቀህ ታውቃለህ?"

"ኧረ በፍጹም።"

"በል እንግዲህ አብሽር" አሉኝ፤ እሳቸው ግን አልተረጋጉም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወገባቸውን ያዙ። "በግንቦት ሃያ ሰባት አንድ ቤት ሙሉ ሰው ይመጣብሃል።"

የግንቦት ወር ጥናቴ ይህን ይመስል ነበር። ብቅል አበቀልኩ። ጌሾ ወቀጥኩ። ጋን አጠብኩ፣ ጋኑን በወይራ አጠንኩ፣ እኔም አብሬ ታጠንኩ። ልማዴ ነውና እትዬ ዘርፌ አንድ ነገር ባሉኝ ቁጥር "ይህን ከማን ሰሙት?" እያልኩ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ቀን ማስታወሻ ደብተሬን ቀምተው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት። ጓደኛዬ ደውሎ "ጽሑፉ የት ደረሰ?" ሲለኝ "ድፍድፍ ላይ ነኝ" አልኩት። ከሰማኋቸው ሳቆች ሁሉ እንደዚያ የደስታ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ደግሞ ከገበያ ስመለስ እትዬ ዘርፌ የጋኑን አፍ በወረቀት ሸፍነው በጭቃ መርገውታል። ቀረብ ብዬ ሳይ ረቂቄ ነው። ከጭቃው ዳር የአማካሪዬ ቀይ ጽሑፍ ብቅ ብሏል፤ "ገና አልበሰለም" ይላል። ለጋኑም ልክ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከአሸተን ወርደው የእትዬ ዘርፌን ግቢ ሞሉት። አያ አራጌም መጡ። ጠላውን የቀመሰ ሁሉ ጎረቤቱን አየ፤ ከዚያ አንዱ "ይጠጣል" አለ፤ ነፍሴ መለስ አለች። ድፎ ዳቦው ከበስተታች ትንሽ አሯል፤ እሱን ራሴ በላሁት።

ቄስ ፈንታው ዳቦው ከመባረኩ በፊት የማኅበሩን መዝገብ ገለጡና የሞቱትን ማኅበርተኞች ማንሣት ጀመሩ። ሥርዓታቸው እንዲህ ነው። ቄሱ የክርስትና ስሙን ይጠራሉ፣ ሙሴው የዓለም ስሙን ይጨምራል፣ የቀረው ነፍስ ይማር ይላል። እኔ አስተናጋጅ ነኝና ማንቆርቆሪያ ይዤ ጠላ እየቀዳሁ ነው።

"ወልደ ሚካኤል" አሉ ቄስ ፈንታው።

"እንግዳው ረታ" አለ ሙሴው።

"ነፍስ ይማር።"

"ገብረ መስቀል።"

"ደምሴ ይመር።"

"ነፍስ ይማር።"

ሰዎቹን የማውቃቸው መሰለኝ። "ኃይለ ማርያም" ተብሎ ሙሴው "ሲሳይ ወንዴ" ሲል እጄ ደርቆ ቀረ። ጠላው ግን አልቆመም፤ የአንዱን ሽማግሌ ጣሳ ሞልቶ ጋቢያቸው ላይ ይወርዳል። እነዚህን ስሞች በእጄ ገልብጫቸዋለሁ፣ በኮምፒውተር ጽፌያቸዋለሁ፣ አርሜያቸዋለሁ። ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

"ገብረ ሥላሴ" አሉ ቄሱ።

ሙሴው አፉን ሳይከፍት "መኮንን ዓለሙ" አልኩ።

ቄስ ፈንታው መዝገቡን አዩ፣ እኔን አዩ። "ቀጥሎስ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ወርቁ ተሰማ። ካሳ ገላው። አበራ ምትኩ።" መናገር ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ። ጋቢያቸው የራሰው ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አማተቡና "ተገልጦለታል" አሉ። ወር ሙሉ ማቡኪያ አያያዝ አትችልም እያሉ ሲቆጡኝ የከረሙት እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አስተካክለው በአክብሮት ተመለከቱኝ። አያ አራጌ ብቻ ራሳቸውን በጋቢ ሸፍነዋል። ያለቀሱ መሰለኝ። ገለጥ ሲያደርጉት በሳቅ እየተንፈራፈሩ ነው።

"የተገለጠለት ነገር የለም" አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ። "ያቺን ወረቀት አግኝቷት ነው።"

ከዚያ ሳልጠይቃቸው አወሩ። ካድሬው መጥቶ ፈቃደኛ አርባ ሁለት ሰው አምጣ አላቸው። "ማንን ልስጥ?" አሉ። "የዚህን አባወራ ልስጥ፣ የዚያችን ልጅ ልስጥ? ሁለት ቀን አሰብኩና ወደ እኚህ አባ ሄጄ ያን መዝገብ አውጡልኝ አልኳቸው። ፈቃደኛ አይደል የፈለገው? ከነዚህ የበለጠ ፈቃደኛ ከየት ይመጣል? አንድም እምቢ ያለኝ የለም።"

"መኪናው ሲመጣስ?" አልኩ።

"ቀድመው ሄደዋል አልኩት። ሐሰት ነው?"

ቄስ ፈንታው ተቀበሏቸው። "ወደኔ ዞሮ ማን ሸኛቸው አለኝ። እኔው ነኝ የሸኘኋቸው፣ አንድም ሳላጎድል አልኩት። ቄስ አይዋሽም ብሎ ጻፈ፤ አልዋሸሁትም።"

ካድሬው ቁጥሩ ስለሞላለት ደስ ብሎት ሄደ። የአገሩ ሰው ግን ዝርዝር እንደሰጡ እንጂ እነማንን እንደሰጡ አያውቅምና አያ አራጌ ሕዝቡን ሸጠ እያለ ለዓመታት አማቸው። እሳቸው ነገሩ ቢወጣ የሚጠየቁት ቄሱ ናቸውና ዝም አሉ። "አንተም ወረቀት ይዘህ ስትመጣ ዝም አልኩህ" አሉኝ። "አሁን ግን ጽዋችንን ተሸክመህ ቁልቁለት ወርደሃል። ማኅበርተኛን ምን ብዬ ልደብቀው?"

በግቢው የተቀመጡትን አየኋቸው። ዝርዝሩ ላይ የነዚህ ሰዎች ስም ቢሰፍር ኖሮ ብዙዎቹ ዛሬ የኔን መናኛ ጠላ አይጠጡም ነበር። ያን ያህል ሰው ወድጄ አላውቅም። ወዲያው ሠንጠረዥ ሦስት ትዝ አለኝ። ወጣቱ በነቂስ፣ በገዛ ፈቃዱ ብያለሁ። የላስታን መቃብር ነው በነቂስ ያስወጣሁት።

"ዕድሜያቸውን ከየት አመጡት?" አልኩ እየተንተባተብኩ።

"ካድሬው ጉልበተኛ ነው የሚፈልገው። እንደታየኝ ቀነስኩላቸው።"

የደምሴ ይመር ባለቤት እማማ ብርቄ ከሴቶቹ መካከል ቀና አሉ። "ደምሴን ስንት አደረግከው?"

"ሃያ ስምንት" አልኩ እኔ፤ በቃሌ ነው የማውቀው።

"ሲያገባኝ እንኳ ሃያ ስምንት አልነበረም" አሉ አያ አራጌን ትኩር ብለው እያዩ። "ሽበቱን ይዞ ነው የሞተ። ሰው እንዴት ልጅ ያደርገዋል?" አያ አራጌ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩ።

የቀረኝ አንድ ወር ነበር፣ ምዕራፌ ደግሞ ፈርሷል። ለማኅበሩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሚጠብቀኝን ቦታ፣ ሦስቱን ልጆች፣ ሰኔን። ልጽፈው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እርስ በርስ ተያዩና ቄስ ፈንታው መለሱልኝ። "ጻፈው። ለሌላው ከመስጠትህ በፊት ግን እዚህ አምጥተህ ታነብልናለህ። የኛም ሬሳ ነው።"

በሰኔ ሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የጽሑፌን የመጀመሪያ መከላከያ አደረግሁ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነውና እየተረጎምኩ አነበብኩ። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ምንም የማይሉ ዐረፍተ ነገሮች ምን ያህል እንደሆኑ ያን ቀን ነው የገባኝ። አያ አራጌ በየመካከሉ እጃቸውን እያወዛወዙ "እሱን እለፈውና ወደ ነገሩ ግባ" ይሉኛል። ቄሱ ሁለት የክርስትና ስም አረሙ። እማማ ብርቄ የደምሴ ዕድሜ በሠንጠረዡ ላይ እስኪስተካከል ከአጠገቤ አልተነሡም። ስጨርስ አያ አራጌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "አሁን ሸጠ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ይህን አሳየዋለሁ" አሉ። አንድ ቅጂ ተውኩላቸው፤ ማንበብ የሚችሉት ፊርማቸውን ብቻ ቢሆንም።

ሁለተኛው መከላከያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የውጭ ፈታኟ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አንድ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ቃለ መጠይቁ የተካሄደው በአጥኚው ቤት፣ አጥኚው ጠላ እየቀዳ ይላል። ይህ ምንድነው?"

ስለ አጠናን ዘዴ ያጠናሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ወጣ። "ጽዋ ተረክቤ ነበር" አልኩ። ጀምሬ እስከ ጭቃው፣ እስከ ማንቆርቆሪያው ነገርኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ማኅበሩ የማን ነው?" አሉ።

"የመድኃኔዓለም።"

"ታዲያ ጠላው በምንጮችህ ዝርዝር ውስጥ መግባት ነበረበት" አሉና ወረቀቱን ገለጡ። አለፍኩ። ጓደኛዬ ደውሎ "እንኳን ደስ አለህ" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ የነበረው ተስፋ የት እንደገባ አላውቅም።

ይኸው እስከ ዛሬ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ትምህርቴ ላይ የድሮውን ሠንጠረዥ ሦስት ለተማሪዎቼ እሰጥና ተንትኑ እላቸዋለሁ። ጎበዞቹ ናቸው ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳቱት፤ ወጣቱ በነቂስ ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ እነግራቸዋለሁ። ማኅበሩ ግን እንደ ዩኒቨርሲቲ አስመርቆ አያሰናብትም። ተራዬ ሲደርስ ፈተና ሳምንትም ቢሆን ላሊበላ ወርጄ እጠምቃለሁ፤ አሁን ጠላዬን ይጠጣል ሳይሆን ጨምርልኝ ይሉታል።

አምና አያ አራጌ በእርጅና፣ በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። ቀጥሎ ያለው ማኅበር ላይ ቄስ ፈንታው በመጨረሻ "ወልደ ሰንበት" ብለው ጠሩ። ሙሴው ወደኔ ዞሮ ጠበቀኝ። ቤቱ ሁሉ ዞረ። እኔ መናገር አለብኝ ማለት ነው።

"አራጌ በሪሁን" አልኩ።

"ነፍስ ይማር" ተባለ።

መዝገቡ ለጸሐፊነት ከተሰጠኝ ቆይቷል። ስማቸውን ልጽፍ እስክሪብቶ ሳወጣ እማማ ብርቄ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ወረቀቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

"ዕድሜውን ቀንሰህ እንዳትጽፍ" አሉኝ። "እሱንም እንደ ደምሴ ሃያ ስምንት እንዳታደርገው። ኖሮ ነው የሄደ።"

ሰማንያ አራት ብዬ ጻፍኩ።